ከድር አፉ ያለባት ሚሞሪ

ባለፈው ወር ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መዳፍ የሚያካክሉ ኮምፒውተሮች ተላኩልን። ስክሪን የላቸው፣ ሽፋን የላቸው፤ አንዲት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ጥቃቅን ነገር ተለጣጥፎባት፣ ቴሌቪዥን ላይ ስትሰካ ኮምፒውተር ሆና ቁጭ ትላለች። አንደኛዋ ግን አልነሳም አለች። ቀይዋ መብራቷ በርታለች፣ አረንጓዴዋ ዝም። የኮምፒውተር መምህራኑ ከበዋት አንዱ ቻርጀር ይቀይራል፣ አንዱ ገመድ ይነቀንቃል፣ አንዱ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸት እንደሆነ አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸታታል። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የገባሁት ለሻይ ነበር። «ሚሞሪዋን አውጥታችሁ እዩ፤ ማን ነክቷት እንደነበርም ጠይቁ» አልኳቸው። ዞረው አዩኝ። «መሲ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?» ብሎ አንዱ ሳቀብኝ።

ሚሞሪዋ ተላቃ ኖሯል፤ ጠበቅ ሲያደርጓት ተነሳች። አጨበጨቡ። እኔ ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ያቺ ቀይ መብራት ብቻዋን በርታ ሳያት ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ እዚሁ ቺሮ፣ ትልልቆቹ ሰዎች አሁንም አሰበ ተፈሪ በሚሏት ከተማችን፣ ለመምህርነት ኮሌጅ እማር ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ከእህሉ ይልቅ የሚታወቀው ግን በሽምግልናው ነበር። ሰው ሲጣላ ከሱቁ ይጠሩታል፣ ደንበኛውን አቁሞ ይሄዳል። እናቴ ደግሞ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ለተማሪ ታከራይ ነበር። በዚያ ዓመት የተከራዩት ከድርና ሞገስ ናቸው፤ ሁለቱም የክፍሌ ልጆች።

ከድር የቦኬ ልጅ ነው። በልጅነቱ ኩፍኝ ዐይኖቹን ወስዶበታል። አባቱ ሞተዋል፣ ቤቱን የሚያስተዳድሩት አጎቱ ነበሩ። ኮሌጅ ልግባ ሲል አጎቱ «ዐይነ ስውር መስጊድ በር ላይ ይቀመጣል እንጂ ኮሌጅ ምን ይሠራል?» አሉ። እናቱ ለቅሶ ቀረሽ ልመና ለመኗቸውና ፈቀዱ፤ «ይሞክር፤ ከወደቀ ግን ሁለተኛ እንዳትለምኑኝ» ብለው። እናቱ በገበያ ቀን ያገኙትን ሰው ሁሉ «ልጄ አስተማሪ ሊሆን ነው» ይሉ ነበር። ከድር ይሄን ሲያጫውተኝ ይስቃል። «ሽንኩርት የሚሸጡላት ሴቶች ሳይቀሩ የምመረቅበትን ወር ያውቃሉ፤ ብወድቅ የሽንኩርቱ ዋጋም ይጨምርባታል» ይለኝ ነበር።

ሞገስ የሂርና ልጅ ነው። ተጫዋች፣ ታዛዥ፣ ለሰው የሚሮጥ። ጠዋት ጠዋት ከድርን በክንዱ ይዞ ኮሌጅ ያደርሰዋል፤ መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ይመርቀዋል። እናቴ «የተባረከ ልጅ» ነበር የምትለው። እኔም እወደው ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ከድር የሚያጠናው በጆሮው ነው። መምህር ሲሳይ የሚባል ወጣት አስተማሪያችን ያቺን መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ ማይክና ማዳመጫ ገጥሞ፣ ጥቂት ቁልፎች ሠርቶ ሰጠው። ስትነሳ በመምህር ሲሳይ ድምፅ «ዝግጁ ነኝ» ትላለች። ከድር ክፍል ውስጥ የሚባለውን ሁሉ እየቀዳ ሚሞሪዋ ላይ ያስቀምጣል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ መጽሐፉን አነብለታለሁ፣ እሱ ይቀዳል። ከልጆች አስተዳደግ ትምህርት መሀል የእናቴ ዶሮ ትጮሃለች፤ «ቆይ ሽሮው ሊገነፍል ነው» የሚል ድምፄ አለበት። የሁለት ዓመት ትምህርት እዚያች ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ላይ ነበር። እናቴ «የከድር ሬዲዮ» ትላት ነበር። መምህር ሲሳይ ግልባጭ እሠራለሁ እያለ ሳይሠራ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ። ሲሄድ አንድ ነገር አስጠነቀቀን፦ ሚሞሪዋን ለማንም ዘፈን ጫኝ ሱቅ እንዳትሰጡ። የተሠራችበት መንገድ ሌላ ስለሆነ፣ ሌላ ዕቃ ላይ ስትገባ ባዶ ወይም የተበላሸች ትመስላለች፤ ፎርማት ያደርጓታል። የግድ ከሆነ ገለምሶ ያሲን የሚባል ጓደኛዬ ዘንድ ውሰዷት አለን። እኛም እንዳለን አደረግን። የከተማውን ሱቆች ሁሉ ተጠነቀቅን።

ሰኔ ገብቶ ነበር። የመጨረሻው ፈተና ቀርቧል፤ ዝናቡም ማታ ማታ ይወርድ ጀምሯል። ከድር እናቱ ታመው ቅዳሜና እሁድን ቦኬ አሳለፈ፤ ዝናብ እንዳይመታበት ብሎ ያቺን ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ትቷት ሄደ። ሞገስም በዚያው ሰሞን የአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ መቻራ ደርሶ መጣ። ለእናቴ ጥሬ ቡና ይዞላት ሲመጣ ምርቃቱን አዘነበችለት።

ሰኞ ጠዋት ከድር ጠራኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ማዳመጫውን አጥልቆ ተቀምጧል።

«መሲ፣ ምን ቀለም ነው የበራው?»

«ቀይ።»

«አረንጓዴውስ?»

«የለም።»

«ብልጭ እንኳን አይልም?»

«አይልም ከድር።»

ማዳመጫውን አውልቆ በእጁ ያዘው። ለመምህር ሲሳይ ደወልን። ቀይዋ ኃይል መግባቱን ነው የምትናገረው፣ አረንጓዴዋ ደግሞ ኮምፒውተሯ የምትነሳበት ፕሮግራም ያለባትን ሚሞሪ ስታነብ ነው የምትበራው አለን። ወይ ኃይል አንሷታል፣ ወይ ሚሞሪዋን አላገኘቻትም። ብዙ ጊዜ ግን ቻርጀር ነው፤ ከሱ ጀምሩ አለ።

ከቻርጀር ጀመርን። ሞገስ ይህን ሲሰማ ሰፈሩን አዳረሰው። ከጎረቤት፣ ከክፍል ልጆች፣ ከፀጉር ቤቱ፣ ከሼህ ሙሜ የልጅ ልጅ ሳይቀር ቻርጀር ለምኖ እያመጣ ከድር ጉልበት ላይ ይከምራል። «ይሄኛው ጠንካራ ነው፣ ሞክሩት» ይላል። እንሰካለን። ቀይ። እንነቅላለን። ሌላ እንሰካለን። ከድር በየጊዜው ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል፣ እኔ «አልበራም» እላለሁ። ያቺን ቃል መናገር እስኪያስጠላኝ ድረስ ተናገርኳት። መብራት ሲጠፋ እንጠብቃለን፣ ሲመጣ እንደገና እንጀምራለን። ገመዱን ለወጥን። ሰሌዳዋን በደረቅ ብሩሽ ጠረግን። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው «እስቲ ሚሞሪዋን እንያት» ስል ሞገስ ሳቀብኝ።

«ሚሞሪ ደግሞ ምን ይሆናል? የሚንቀሳቀስ ነገር የለው! ቦርዱ ነው የተቃጠለው፤ ባትለፉ ይሻላል» አለ።

ከድር ሚሞሪዋን አውጥቶ በጥፍሩ ዳሰሳት። ጀርባዋ ላይ የብሬል መጻፊያው የጫራት ምልክት ነበረች። «ራሷ ናት፤ አልተቀየረችም» አለኝ። እግሯን በእርሳስ ላጲስ አሸሁላት፣ መለሰን ሰካናት። ቀይ። ፈተናው እየቀረበ ነው፤ ሌላው ተማሪ በየጥጉ ጫቱን ይዞ ያጠናል፣ ከድር ድምፅ የሌለው ሬዲዮ ታቅፎ ተቀምጧል። በመጨረሻ እኔና እሱ በጠዋት ተነስተን ገለምሶ ሄድን።

ሚኒባሱ ከቺሮ ወጥቶ ዳገቱን ሲይዝ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከግራም ከቀኝም በእርከን እርከን ጫት ነው፤ ዝናቡ አጥቦት ያብረቀርቃል። ጫት የጫነ መኪና ከፊት ለፊት ሲመጣ ተሳፋሪው በሙሉ በየሃይማኖቱ ይጸልያል። በዴሳ ላይ ቆመን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዛሁ። ከድር ትኩሱን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ «መሲ፣ ድምፅሽ ብቻ እንኳን ከተረፈ እኔ አልፋለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም።

ያሲን ዝምተኛ ሰው ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ለከድር ወንበር ሰጠው፣ እኔ ቆምኩ። ሚሞሪዋን ላፕቶፑ ላይ ከተተና ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የሰርግ ዘፈኖች ተደርድረዋል። ከዘፈኖቹ በታች ፎቶ አለ። ፎቶው ላይ ሙሽሮች፣ ድንኳን፣ የመቻራ ቀይ ጭቃ፤ ከሙሽራው ጎን ደግሞ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሁለት ጣቱን ቀስሮ ሞገስ።

«ምን አለ?» አለ ከድር።

ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ።

«መሲ፣ አንብቢልኝ እንጂ። ሁሌ ታነቢልኝ የለ?»

«ዘፈን ነው» አልኩት። «ፎቶም አለ። የሰርግ። ሞገስ አለበት።»

ያሲን ያለውን መመለሻ ሁሉ ሞከረ። የጥቂት ቅጂዎችን ስም አገኘ፤ ሲከፍታቸው ውስጣቸው ባዶ ነው። ፎርማት መደረጉ ሳያንስ ዘፈኑና ፎቶው በላዩ ላይ ተጽፎበታል፣ የቀረ ነገር የለም አለን። ላስከፍላችሁም አልችልም አለ፤ ሻይ አዘዘልን። ሻዩን ማናችንም አልጨረስነውም።

በመመለሻው መንገድ በዴሳን እንዳለፍን ከድር ድንገት «ሙሽራዋ ታምራለች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ሰው የሞተብን መስሏቸው እግዜር ያጽናችሁ አሉን።

ግቢ ስንገባ ሞገስ በጀሪካን ውኃ ጫማውን ያጥባል። እኔ ነኝ የነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ! ዐይኑን በጨው አጥቦ ሳቀ።

«እመቤቴን ባዶ መስሎኝ ነው! ለዘፈን ስልኬ ላይ ከተትኳት፤ ስልኩ ራሱ አይደለም እንዴ ባዶ ናት፣ ፎርማት ላድርጋት ያለኝ? እሺ አልኩት።»

«መቼ አወቅህ ታዲያ?» አለው ከድር። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ሞገስ ብሩሹን አስቀመጠ። «ሰኞ... አልነሳም ስትል ነው የገባኝ።»

«ሰኞ ቻርጀር ያመጣህልኝ ቀን?»

«ምን ላድርግ ከድር? እጄን አጣጥፌ ልቀመጥልህ?»

እኔ ጀሪካኑን አንስቼ ከነውኃው ወረወርኩበት። ትከሻውን አገኘሁት፤ ጭንቅላቱን ብፈልገውም አላገኘሁትም። ጮኸ፣ እናቴ ወጣች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አባቴም ከሱቁ ተጠራ።

እዚህ ላይ የአገሬን ጠባይ መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ጠብ አያድርም። በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ሽማግሌ መሀል ይገባል፣ ጫትና ለውዝ ይቀርባል፤ ተበዳዩ «አፉ ብያለሁ»፣ ይቅር ብያለሁ፣ ሳይል ከምንጣፉ የሚነሳ የለም። ካለ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተቀበረ፤ ዳግመኛ ያነሳው ሰው እሱ ነው በዳዩ። ደግ ሥርዓት ነው ይባላል። ለብዙ ሰውም ደግ ሆኗል፣ አባቴ በዚህ ያስታረቃቸው ቤተሰቦች ዛሬም አብረው ይበላሉ። ለከድር ግን ያ ምንጣፍ ገመድ ሆነበት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ ተቀመጡ። አባቴ በአንድ ወገን፣ ጎረቤታችን ሼህ ሙሜ በሌላው። እናቴ ሆጃ፣ የቡና ገለባውን፣ አፍልታ በወተት አቀረበች። ሞገስ አለቀሰ። ለማልቀስ ሰነፍ አልነበረም።

«ልጄ ከድር» አሉ ሼህ ሙሜ፤ «ሰው ይሳሳታል። አራራ ይሻላል፣ እርቅ ይሻላል። አላህ አፉ የሚልን ይወዳል። ልጁም ፈተና አለበት፣ ልቡ ተሰብሮ እንዴት ይፈተናል?»

«ከድርስ ፈተና የለበትም እንዴ?» አልኩ ከበሩ ሆኜ።

«መሠረት!» አለኝ አባቴ። ሙሉ ስሜን ሲጠራ ነገር አብቅቷል ማለት ነው። ወደ ከድር ዞሮ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ይቅር በለውና ንጹህ ሆነህ ተፈተን» አለው።

ከድር ለውዝ በእጁ ይዞ አንድም አልቀመሰም። መልሶ አስቀመጠውና «እሺ» አለ። «አፉ እላለሁ። እሱ ግን ፈተናው እስኪደርስ በየማታው ያንብብልኝ። መሲ ቀን ታነባለች፣ እሱ ማታ ያንብብ።»

ሽማግሌዎቹ ወደዱት። ይሄ ልጅ ከእኛ ይሻላል አሉ። ሞገስ «አነባለሁ! እስኪነጋም ቢሆን አነባለሁ!» ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ከድር «አፉ ብዬሃለሁ» አለ። ሼህ ሙሜ ዱዓ አደረጉ፣ አባቴ መረቀ፣ ሁሉም አሜን አለ። እኔ አላልኩም።

ሞገስ የመጀመሪያውን ማታ አነበበ። እየተቻኮለ፣ እያዛጋ፣ መስመር እየዘለለ። ከድር «ዘለልክ» ሲለው «አይጠቅምም ብዬ ነው» ይለዋል። በማግስቱ ጉሮሮዬ አለ። ከዚያ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ቤት ማጥናት ጀመረ፤ ሲመጣ ከድር ተኝቷል። እኔ ከራሴ ጥናት እየሰረቅሁ ድምፄ እስኪዘጋ አነበብኩ። የሁለት ዓመት ነገር በዚያች ጊዜ ውስጥ የት ይገባል? አባቴ ዘንድ ሄጄ «ሞገስ ቃሉን አፍርሷል፣ ጥሩት» አልኩት። እህል እየሰፈረ ነበር፤ ቁና በእጁ እንደያዘ ቀና አለ።

«እርቅ የወረደበትን ነገር የምትቆሰቁሺው አንቺ ማን ነሽ? ተበዳዩ ራሱ ይቅር ብሏል።»

«ሊያነብለት ነው እኮ ይቅር ያለው አባባ!»

«ይቅርታ በውል አይሆንም» አለኝ፣ ወደ እህሉም ተመለሰ። ከድር ደግሞ ለሼህ ሙሜ ሹክ ብሎ ኖሮ፣ እሳቸውም ከሶላት ሲወጣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አፉ ብለሃል እኮ ልጄ፣ አጅርህን አታበላሸው» አሉት። አጅር ማለት አላህ ዘንድ የሚቆይ ምንዳ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። ከድር ሞኝ አልነበረም፤ ዙሪያውን ሆነን ሞኝ ያደረግነው እኛ ነን፣ ሞፈሩ እስኪያልቅ።

ውጤት የተለጠፈ ቀን ከድር እጄን ይዞ ቆመ፤ ስም ዝርዝሩን አነበብኩለት። የእኔ አለ። የሞገስ አለ። «እንደገና አንብቢው» አለኝ። እንደገና አነበብኩት። ከድር የሚባል የለም። ወዲያው ሞገስ ከጓደኞቹ መሀል እየሮጠ መጣና ከድርን እቅፍ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» አለው። እኔ በሕይወቴ ሰው የጠላሁት ያን ጊዜ ነው። የገዛ እጁን ሥራ ለፈጣሪ ሰጥቶ፣ ጀርባውን እየደባበሰ ያጽናናዋል።

ከድር ቦኬ ተመለሰ። አጎቱ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛ አልተለመኑም። እናቱ ለረጅም ጊዜ ገበያ መውጣት እንደተዉ ሰዎች ነገሩኝ። ከድር አንድ ክረምት ሙሉ ከቤት አልወጣም፤ በኋላ ግን አንድ በረንዳ ላይ የሞባይል ካርድና ለውዝ መሸጥ ጀመረ፣ ዛሬም እዚያው ነው። ሞገስ አስተምሮ፣ አድጎ፣ አሁን ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚቆጣጠር ሆኗል። ወደ እኛም ይመጣል። «መሲዬ!» ብሎ ጉንጬን ይስመኛል፤ ባልደረቦቼ ደግ ሰው ነው ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ አሁንም ለሰው ሲሮጥ ነው የማገኘው።

እኔም በዕድሜዬ ገፋ ስል የአባቴ ልጅ ናት እያሉ ለእርቅ ይጠሩኛል። እሄዳለሁ። ተበዳዩ ገና ሲደማ «ይቅር በል» ማለት ግን አልችልበትም። ይቅርታ የሚያስቸኩለው በዳዩን ነው፤ የተበደለውን የሚያስቸኩለው እኛ ነን፣ ምንጣፉን ቶሎ አጥፈን ወደ ቤታችን እንድንገባ። ይሄን ስናገር ሽማግሌዎቹ «ሴትና ሽምግልና» ብለው ይሳሳቃሉ። ይሳቁ።

ሻዬን ትቼ የወጣሁ ዕለት ለከድር ደወልኩለት። ስለ ኮምፒውተሮቹ ነገርኩት፣ ስለ ገዛ ልጆቹም ጠየቅኩት። ከዚያ ይህን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት።

«ከድር፣ ሞገስን የእውነት አፉ ብለኸዋል?»

ከጀርባው የገበያ ጫጫታ ይሰማል። ለአንድ ሰው ካርድ ሸጠ፤ አመሰገነ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ስለ ሚሞሪዋ ብዬዋለሁ መሲ፤ እሷ ስህተት ናት። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ሰሞን ቻርጀር እየለመነ ሲያመጣልኝ፣ ይሄ ልጅ ለኔ እንዲህ ሲደክም ብዬ በየሶላቴ ዱዓ አደርግለት ነበር። ያ ረቢ፣ ሞገስን ፈተናውን አሳልፍልኝ እል ነበር።» ሳቀ። «አሳለፈልኝ።»

ደንበኛ መጣበትና ስልኩን ዘጋው።